ጥሩሸዋና የባህሪ መከታተያው ደብተር

ስልጠና የሚባል ነገር ሲነሳ ተነስቼ እወጣለሁ። ሰው እንደ ቀልድ ይወስድብኛል፤ ቀልድ አይደለም። በሕይወቴ በደንብ የሰለጠነች አንዲት ሴት አውቃለሁ፣ የምስክር ወረቀት የተከለከለችውም እሷው ናት። ጥሩሸዋ ትባላለች። ዘመሮ ከተማ በነበረው የአረጋውያን መጦሪያ አብረን ሠርተናል፤ እሷ ተንከባካቢ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ።

መጦሪያው ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከተማ የገቡ የአገሩ ተወላጆች አዋጥተው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ረጂ ድርጅት ጨምሮበት፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡት፣ መስኮት አወጡለትና ሃያ ስድስት ሽማግሌና ባልቴት አስገቡበት። በምረቃው ቀን ብዙ ንግግር ተደረገ። የመንዝ ብርድ በቆርቆሮው ሥር ሰተት ብሎ እንደሚገባ ግን የተናገረ የለም። ክረምት ሲሆን የረጠበ ፍራሽ ሳምንቱን ሙሉ አይደርቅም። ተናጋሪዎቹ ያንን ሽታ አንድ ጊዜ ቢያሸቱት ኖሮ ንግግራቸው ያጥር ነበር።

ጥሩሸዋ የቀየት አካባቢ ሰው ናት። አራተኛ ክፍል ደርሳ ትምህርቱን ተወች፤ ተዳረች፤ ባሏ ቶሎ ሞተባት። አልጋ ላይ የዋሉትን አማቷን ዘጠኝ ዓመት አገላብጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ ቀበረቻቸው። ተዝካሩ እንዳለፈ የባሏ ወንድሞች «እንግዲህ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ማለት ጀመሩ። ነገሩ ገባትና ጓዟን ጠቅልላ ዘመሮ ገባች። መጦሪያው ሠራተኛ ሲቀጥር «የሥራ ልምድ አለሽ?» ብለው ጠየቋት። «አማቴን ቀብሬያለሁ» አለች። ቀጣሪዎቹ ሳቁ፤ ቢሆንም ቀጠሯት።

ሥራዋን እንዴት ትሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። አንድ ተጧሪ ሲጮህ እኛ «ጀመራቸው» ብለን እናልፋለን። እሷ መጀመሪያ እጇን ከፍራሹ ሥር ታስገባለች፤ ረጥቦ እንደሆነ ታያለች። ከዚያ እግራቸውን ትዳስሳለች፣ በርዷቸው እንደሆነ። ከዚያ ቁንጫ ትፈልጋለች። አንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሱ ባልቴት ነበሩ፤ ሁላችንም እርጅና ነው ብለን ተስማማን። ጥሩሸዋ ገላቸውን ሲታጠቡ ማተባቸው ተበጥሶ መቅረቱን አየች። ከጨርቋ ጫፍ ጥቁር ክር መዝዛ፣ ገምዳ አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው። ባልቴቷ ያን ዕለት ምሳ በሉ። «ሰው በባዶው አይጮህም» ትል ነበር።

ጋሽ ፈንታ የመጡት በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ያመጣቸው የወንድማቸው ልጅ ነበር። ነገር ይረሳሉ፣ እየወጡ ይጠፋሉ፣ ሲነሳባቸው ሰው ይመታሉ አለ፤ እኔ ጻፍኩ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ዳኛ ነበሩ አለ፤ ጻፍኩ። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራሲ» ተባሉ፤ የቀድሞው መንግሥት ሹም ነበር ለተባለ ገበሬ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው። ከአራት ጥማድ በላይ የነበረው መሬታቸው ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ። መዝጋቢዎቹ ደብተር ይዘው ማሳቸው ላይ ሲቆሙ አሻራ አላደርግም ብለው ታስረው ነበር አለ። ይህንንም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩና መዝገቡን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

በዚያው ቀን ጥሩሸዋ ገላቸውን ስታጥብ የሁለቱም እጃቸው አንጓ ተልጦ አገኘችው። የወንድማቸው ልጅ ከከብቶቹ ጋራ ጋጣ ውስጥ፣ ከግርግሙ ጋር በጠፍር ያስራቸው ነበር። ቁስሉን በሞቀ ውኃና በጨው ስታጥብ ቆየችና መዝገብ ቤት መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

«አንተ ማዕረግ፣ እኚህ ሰው እዚያ ከተመለሱ አይከርሙም። ይህን ጻፍልኝ» አለችኝ።

«ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም እትዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ጋሽ ፈንታ ረጋ ያሉ፣ የጨዋ አነጋገር ያላቸው ሰው ናቸው። ሰው ሲገባ ከአልጋቸው ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ። ስለ ገብሱ ይጠይቃሉ፣ ስለ በጎቹ ይጠይቃሉ፤ ያለፈው ሳምንትና ያለፈው ዘመን ይቀላቀልባቸዋል እንጂ ክፉ ነገር አይወጣቸውም። ከዚያ ድንገት ዓይናቸው ይቀላል፣ ከዘራቸውን ያነሳሉ። «የኮሶው ሥር ማሳዬን አላስነካም! አሻራ አላደርግም!» እያሉ ያገኙትን ይመታሉ። ከጤና ጣቢያ የመጣችውን ነርስ መቱ። ተጧሪ ሊቆጥር የመጣውን የረጂውን ድርጅት ሰው መቱ። እኔን ሰኞ ሰኞ ስም ስጠራ ሁለት ጊዜ መቱኝ። ጋኔን ነው ተባለና ሁለት ጊዜ ጠበል ተወሰዱ፤ ለውጥ የለም። ጥሩሸዋን ግን ነክተዋት አያውቁም። ሌሎቹ ተንከባካቢዎች «አስማት አድርጋባቸዋለች» ይሉ ነበር፤ ግማሹን የምር።

ሥራ አስኪያጃችን አፈወርቅ ይባላል። አቶ ልለው አፌ እሺ አይለኝም። እሱ አንድ መመሪያ አወጣ፦ ሰው መምታቱ ሦስት ጊዜ በመዝገብ የሰፈረ ተጧሪ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። መመሪያው ከወጣ በኋላ የጋሽ ፈንታ ሁለት ደረሰ። ሁለቱንም የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ የተመታሁትም እኔ ስለሆንኩ ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት።

በሁለት ሺህ አራት ግንቦት ላይ ስልጠናው መጣ። አሰልጣኙ ምንተስኖት ይባላል፣ ከአዲስ አበባ ነው፤ ጫማው ጭቃችንን ሲነካ ፊቱን ያጨማድዳል። በተጧሪዎቹ መመገቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ «የባህሪ ጤና አያያዝ ስልጠና ለአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞች» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ክፍሉ ስለተያዘ ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን አልጋቸው ላይ ቀዝቃዛ ሽሮ በሉ። ስድስቱም ተንከባካቢዎች ስልጠና ላይ ስለሆኑ እስከ ቀትር የሚያነሳቸው ጠፍቶ ሽንታቸው ላይ ተኝተው ዋሉ። እኛ ከግድግዳው ወዲህ ስለ አረጋውያን ክብር እንማራለን። ጩኸቱ ሲያይል ምንተስኖት በሩን እንድዘጋ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሄጄ ዘጋሁት።

ከዚያ እንዳናንቀላፋ ብሎ አስነሳን። በጣታችን እያጨበጨብን የዝናብ ድምፅ እንድንሠራ አዘዘ። ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ እኛ ውስጥ ቆመን በጣታችን ዝናብ እንሠራለን። አፈወርቅ ከሁላችን በላይ ያጨበጭብ ነበር። አሁንም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

እውነት ለመናገር አንድ ቁም ነገር ተናግሯል። «ማንኛውም ባህሪ ከፊቱ አንድ ነገር አለ። ሰውየው ከመቆጣቱ በፊት ምን አየ? ምን ሰማ? እሱን ፈልጉ» አለ። ጥሩሸዋ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄስ ልጅ እውነት ተናገረ» አለችኝ በሹክሹክታ። ወዲያው ግን የተናገረውን ረሳውና ከካርቶን ሰማያዊ ደብተሮች አውጥቶ አደለን። እያንዳንዱ ደብተር ገመድ አለው፣ ገመዱ ላይ እስክሪብቶ ተንጠልጥሏል። የባህሪ መከታተያ ደብተር ነው ተባለ። ከአንገት አይወርድም፤ ተንከባካቢዋ ከተጧሪው አልጋ አጠገብ ቆማ፣ እያየች ትጽፋለች።

ጥሩሸዋ ደብተሩን አገላብጣ አየችው። አራተኛ ክፍል ከተወች ጀምሮ ብዕር ይዛ አታውቅም ነበር። «ፊደሉን እንኳ አልረሳሁትም፣ ግን እጄ ከባድ ነው» አለች። «ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ» አለ ምንተስኖት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ተብሎ ሁሉም ወደ ተጧሪዎቹ ክፍል ተላከ። እሷ ወደ ጋሽ ፈንታ ሄደች፤ እኔ መዝገብ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

ጋሽ ፈንታ እንዳዩዋት ብድግ ብለው «ኖር ልጄ!» አሉ። «በእግዜር ይኑሩ ጋሼ» አለችና አጠገባቸው ቆማ ደብተሩን ገለጠች። እስክሪብቶውን ጨበጠች። ጋሽ ፈንታ ደብተሩን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ፊቷን አዩ።

«አንቺም?» አሉ።

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ማልቀስ ነበር። ከዘራው ግን ወረደ። በቀኝ እጇ መከተችው፣ ሌባ ጣቷ ተሰበረ፣ ቆዳው ተሰንጥቆ ደሟ ፈሰሰ። ገመዱ ተበጥሶ ደብተሩ ከአልጋው ሥር ገባ። ደብተሩ ከዓይናቸው ሲሰወር ቁጣቸው አብሮ ወረደ። ከዘራቸውን ጥለው የተመታ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ ልጄ? ማን ነው የመታሽ?» አሏት።

የጥሩሸዋ ዓይን ከአልጋው ሥር ያለው ደብተር ላይ ነበር።

ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ መዝገብ ቤት ተከትላኝ ገባች። «አትጻፈው» አለች። ሌሎቹ አይተዋል፣ አፈወርቅም ሰምቷል አልኳት። «እሳቸው እኮ አይደሉም፣ ደብተሩ ነው። አንተን ሲመቱህ ምን ይዘህ ነበር? ነርሷስ? ያ ቆጣሪውስ? እኔን ለምን እስከ ዛሬ ተዉኝ? ባዶ እጄን ስለምገባ ነው!» መደርደሪያው ላይ ያለውን መዝገብ አወረድኩና ገለጥኩት። መዝጋቢዎቹ ደብተር ይዘው ማሳቸው ላይ ሲቆሙ፣ ይላል። አነበብኩላት።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ እዚህ አለ?»

«ሁለት ዓመቱ ነው።»

«አንብበኸው ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት እኮ እትዬ።»

«አንብበኸዋል ወይ ነው ያልኩህ» አለችና ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ስልጠናው ላይ እጇን አወጣች። ያወጣችው የተጠቀለለውን እጇን ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ተናገረች፤ መሬቱን፣ አሻራውን፣ ጠፍሩን። «አሰልጣኛችን ከቁጣው በፊት ያለውን ፈልጉ አልከን። ፈለግሁ፣ አገኘሁት። ደብተሩን እናውርድና ሰውየው እዚሁ ይኑሩ» አለች። ምንተስኖት «በጣም ግሩም አስተያየት ነው፣ እናመሰግናለን» አለና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈ አንድ ትልቅ ወረቀት ሄደ። የዚያ ወረቀት ስሙ «ፓርኪንግ ሎት» ነው፤ መልስ የማይሰጡበትን ጥያቄ የሚያቆሙበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ «ደብተር» ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፈ። ስልጠናው ሲያልቅ ወረቀቱን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ በኋላ ምድጃ ተለኮሰበት።

ከሰዓት በኋላ ግምገማ ሆነ። ያኔ ያለ ግምገማ የሚዘጋ ነገር አልነበረም። አንድ ለአምስት ተደራጅተን ተቀመጥን፣ አፈወርቅ ተነሳ። ጥሩሸዋ የመከታተያ ደብተሩን አልይዝም ማለቷ፣ ሌሎችንም ማነሳሳቷ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው አለ። ኪራይ ሰብሳቢ! ሃያ ስድስት ሰው የሚያቆሽሸውን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ የምታጥብ ሴት! ከማን ነው ኪራይ የምትሰበስበው፣ ከጋሽ ፈንታ ፍራሽ? ሂሷን እንድትውጥ ተጠየቀች። «የተሰበረው ጣቴ ነው፣ አንደበቴ ደኅና ነው። አልውጥም» አለች። የምስክር ወረቀቷ ይያዝ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እጄን አወጣሁ። ማንም አልጎነተለኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፤ ሁሉም ስላወጣ አወጣሁ።

ምንተስኖት ከመሄዱ በፊት ከተጧሪ ጋር ፎቶ መነሳት ፈለገ። «የማይሸት ፈልጉልኝ» አለ። ፈልገን ሰጠነው።

ጥሩሸዋን መምታታቸው ሦስተኛ ተብሎ በመዝገቤ ስለሰፈረ፣ ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ የጋሽ ፈንታ የወንድም ልጅ ተጠርቶ መጣ። በቅሎ ይዟል፤ ከኮርቻው ላይ የተጠቀለለ ጠፍር ተንጠልጥሏል። አፈወርቅ፣ አንድ የቀበሌ ሰው፣ የስንብት ቅጹንና የአሻራ ቀለሙን የያዝኩ እኔ፣ ሦስታችን ወደ ጋሽ ፈንታ ክፍል ሄድን። ጥሩሸዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ወረቀታችሁን እዚህ አስቀምጡና ግቡ» አለች።

«ዞር በይ» አለ አፈወርቅ።

«አቶ አፈወርቅ፣ በእመብርሃን፤ ባዶ እጃችሁን አንድ ጊዜ ግቡና እዩዋቸው። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ።» ይህን እያለች በደኅናው እጇ የያዝኩትን ቅጽና ቀለም ያዘች። ለቀቅኩላት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሠራሁት ሥራ የማላፍርበት ይህ ብቻ ነው። የቀበሌው ሰው ትከሻውን ሰብቆ አጀንዳውን ደፉ ላይ አኖረ። አፈወርቅም ገላመጣትና ተከተለው።

ጋሽ ፈንታ ብድግ አሉ። «ኖር! ኖር! ግቡ እንጂ።» አልጋቸውን ጠርገው አስቀመጡን። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ እንዳላገኘው ጠየቁ። የቀበሌውን ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀው አያቱን አወቁለት። ከዘራቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ስንወጣ የቀበሌው ሰው «እኚህ ናቸው እንዴ አደገኛ የተባሉት?» አለ።

አፈወርቅ አንገቱን ደፋ። እውነቱን አይቷል፤ ማየቱን እኔ አይቻለሁ። «ሪፖርቱ ሐሙስ ወጥቷል። አስቸጋሪው ተጧሪ ወደ ቤተሰቡ ተመልሷል ተብሎ ተልኳል። ሪፖርት አይመለስም» አለ። የሰው ልጅ ከጋጣ ግርግም ጋር የሚታሰረው ሪፖርት ስለማይመለስ ነው።

ጥሩሸዋ የወንድማቸውን ልጅ አየችው፤ በቅሎው ላይ ያለውን ጠፍርም አየችው። «እሳቸውን የሚቀበል ሰው ብቻ ነው የምትፈልጉት አይደል? ለኔ ስጡኝ» አለች።

የወንድምየው ልጅ ፊቱ በራ። አፈወርቅ ሕጉን አሰበ፤ ቅጹ ላይ «ተረካቢ» ይላል እንጂ የሥጋ ዘመድ አይልም። «ሥራሽንስ?» አላት። «ደብተሩን ለሌላ ስጡት» አለች። ቅጹን ወደ ክፍሉ ይዤ ልገባ ስል በክንዷ አገደችኝ። ጋሽ ፈንታ እንዳያዩ ከግድግዳው ጀርባ ወሰደችኝና፣ በተሰበረ ጣቷ፣ በአራተኛ ክፍል ፊደሏ፣ ስሟን አንድ በአንድ ጻፈች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ላቧ ወረቀቱ ላይ ነጠበ።

ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ በገበያው መሃል ወደ ኪራይ ቤቷ ወሰደቻቸው። አንድ ክፍል ናት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ሱፍ እየፈተለች፣ የሰው ልብስ እያጠበች ኖሩ። ሰው አማ፤ የባልቴት ዕብደት ነው አሉ። እሷም የሚያማውን ሁሉ ስሙን እየጠራች ስትመልስለት አፉን ዘጋ።

ዓመት ከሞላ በኋላ የክትትል ቅጽ እንድሞላ ቢሮው ወደ ቤቷ ላከኝ። ጥሩሸዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት እጇን ሰድዳ ከሸሚዜ ኪስ እስክሪብቶዬን አወጣች። የያዝኩትንም ቅጽ ተቀበለችኝ። ሁለቱንም ደጅ፣ የድንጋይ መቀመጫው ላይ አኖረችና «አሁን ግባ» አለችኝ። ሌባ ጣቷ ጠሞ ቀርቷል።

ጋሽ ፈንታ ብድግ አሉ። «ኖር!» አሉኝ፤ እኔን፣ ሦስት ጊዜ በስማቸው ላይ የጻፍኩባቸውን ሰው። በሶ ተበጠበጠልኝ። ክንዳቸውን ሲዘረጉ አንጓቸውን አየሁት፤ ቆዳው ሞልቷል። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ምስጢር እንደሚነግር ሰው «እዚህ ሰፈር ደኅና ነው ልጄ። የሚጽፍ ሰው አይመጣም» አሉኝ። በሶውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ቢሮ ስመለስ አፈወርቅ ቅጹን ጠየቀኝ። ባዶ ነው አልኩት። እንግዲያው ጻፍ አለኝና ቃል በቃል ነገረኝ፦ «በተሰጠው የባህሪ ጤና ስልጠና ምክንያት የአንድ አስቸጋሪ አረጋዊ ባህሪ ሙሉ በሙሉ ተስተካክሎ በማኅበረሰቡ ውስጥ በሰላም እየኖሩ ይገኛሉ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከፎቶው ጋር ታትሞ ወጣ፤ ረጂው ድርጅትም ሌላ ስልጠና ላከ። አፈወርቅ ተናገረው እንጂ አልጻፈውም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩሸዋ ከኪሴ አውጥታ ደጅ ባስቀመጠችው በዚያው እስክሪብቶ።